የማጨጃው የኋላ ጎማዎች

«ጎማ ብቻውን አይተነፍስም» አለ ጓድ ተክለጻድቅ። ድምፁን አላነሣም። የአስተዳደር ኃላፊው ሲጮህ የሚደነግጥ ሠራተኛ በግቢው አልነበረም፤ የሚያስደነግጠው ድምፁን ዝቅ ያደረገ ዕለት ነው። «አንድ ጎማ ቢሆን አጋጣሚ ነው እንላለን። ሁለት ጎማ፣ በአንድ ሌሊት፣ ነገ እንግዶች ሊገቡ፣ ይኼ አጋጣሚ አይደለም። ይኼ ነገር ስም አለው። ስሙን አንተም ታውቀዋለህ።»

አትክልተኛው ኢዶሳ ስሙን ያውቀዋል። አሻጥር ይባላል። አምና አንድ ሾፌር ራዲያተሩን ውሃ ሳይሞላ ነድቶ ሞተር አቃጠለ፤ በዚህ ቃል ተከስሶ ከግቢው ወጣ፤ እስከ ዛሬ አልተመለሰም፤ ስሙንም የሚያነሣ የለም። ኢዶሳ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ የሣር ማጨጃውን ተመለከተ። ማጨጃው በመሣሪያ ቤቱ ደጃፍ ኋላውን ጥሎ እንደ ውሻ ተቀምጧል። የፊት ጎማዎቹ ትንንሽና ድፍን ናቸው፤ ምንም አይነካቸውም። የኋለኞቹ ግን ነፋስ የሚሞሉ፣ ውስጣቸው ከመነዳሪ ያለባቸው ናቸው። ሁለቱም ተኝተዋል። እንዲህ እንደሆነ ቢገፉት ምላጩ ወደ ኋላ ይጋደልና ሣሩን ትቶ አፈር ይልጣል። ሠላሳ ዓመት በዚህ ሥራ የኖረ ሰው ይህን ለኃላፊው ሊያስረዳ ይችል ነበር፤ ግን ማንም አልጠየቀውም።

ቀኑ አርብ፣ ጳጉሜ ሁለት ነበር፤ ዓመቱ ሰባ ስድስት። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል አምስት ቀን ቀርቶታል። ከወዳጅ አገሮች የሚመጡ እንግዶች በዚህ ልደታ ባለው የድንጋይ ቤት ያርፋሉ ተብሏል። ቤቱ የአንድ ጣሊያን ነጋዴ ነበር፤ ከተወረሰ በኋላ የአንድ ኮርፖሬሽን የእንግዳ ማረፊያ ሆነ። ማጨጃውም ኢዶሳም ከቤቱ ጋር አብረው የተወረሱ ናቸው። ሞተሩን ከእሱ በቀር ማስነሣት የሚችል የለም፤ ገመዱን ሁለት ጊዜ ለስለስ አድርጎ፣ ሦስተኛውን በኃይል መሳብ ያስፈልጋል፤ ይህንንም ለማንም አላስተማረም።

«ጎማዎቹን ፍታና ጎሚስታ ዘንድ ውሰዳቸው» አለ ተክለጻድቅ። «ምን እንደበሳቸው ጎሚስታው በወረቀት ይጻፍልኝ፤ ይፈርምበት። የበሳውንም ነገር ራሱን አምጣው። እስከ ስምንት ሰዓት።» ከዚያም እጁን ዘረጋ። «መታወቂያህን እዚህ ተወው።»

ኢዶሳ መታወቂያውን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ሰጠው። በዚያ ዘመን መታወቂያ የሌለው ሰው እጅና እግር እንደሌለው ነው። ተክለጻድቅ ፎቶግራፉን አየ፣ ሰውየውን አየ፣ ኪሱ ከተተውና ወደ ቢሮው ሄደ።

ብሎኑ ዝጎ እምቢ አለ። ኢዶሳ ሲታገል የግቢው በር ላይ የበዓሉን ቅስት የሚሠራው አናጢ ነጋ ከመሰላሉ ወርዶ መጣ። ነጋ የጠመንጃ ያዥ ሰፈር ልጅ ነው፤ አርባ ዓመት ይሆነዋል፤ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ አፉን በሚስማር ሞልቶ ነው የሚሠራ። ሚስማሮቹን መዳፉ ላይ ተፋቸው።

«ጋሽ ኢዶሳ፣ ከመኪናዎ ጋር ተጣሉ እንዴ?»

«እሷ ናት የተጣላችኝ።»

«ሚስት እንደሱ ናት፤ ነፋሷ ሲወጣ ነው የምትከብድ።» ሄዶ ትልቁን የብሎን መፍቻ ኪያቤ ከሣጥኑ አመጣ፣ ማጨጃውን በጉልበቱ ደግፎ ያዘለት፣ ብሎኑም ጮኾ ተላቀቀ። ምን እንደተባለ አልጠየቀም። መስማቱ ግን ከፊቱ ይታወቅ ነበር። ሚስማሮቹን እንደገና ጎርሶ ወደ መሰላሉ ተመለሰ።

ኢዶሳ ሁለቱን ጎማዎች በአንድ ዱላ ሰክቶ በትከሻው ተሸከመ። በሩ ላይ ዘበኛው ሚደቅሳ ቆሞ ነበር። ሚደቅሳ የአገሩ የአምቦ ሰው ነው፤ ሁልጊዜ ሰላም ሲለው እጁን ይዞ ይቆያል። ዛሬ በሩን ከፈተና ሌላ ወገን አየ። መንገዱ ሁሉ ቀለም ቀለም ይሸታል። ደሳሳ ቤቶች በነበሩበት በኩል ቆርቆሮ ተገትሮ በቢጫና በቀይ ተቀብቷል፤ ከቆርቆሮው ኋላ የልጅ ለቅሶና የመክተፊያ ድምፅ ይሰማል። ጎማ ተሸክሞ የሚሄድ ሽማግሌ የሚያይ የለም፤ ሰው ሁሉ ስብሰባ እየተጠራ ነው። ኢዶሳ በመንገዱ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ አሰበ። ሚስማር በሆነ። ሚስማር ከሆነ ጎሚስታው ሚስማር ብሎ ይጽፋል፣ ነገሩ ያበቃል።

በከር የሚባለው ጎሚስታ በጌጃ ሰፈር ከአንድ ወፍጮ ቤት ጎን ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ይሠራል። ሱቁ ለአንድ ሰውና ለአንድ ጎማ ብቻ ይበቃል፤ ሁለተኛ ሰው ከመጣ ጎማው ይወጣል። በከር የኢዶሳ እኩያ ነው፤ ጢሙን ሂና ይቀባል፤ ጥቁር እጁ ላይ ነጭ የሆኑ ጥፍሮቹ ብቻ ናቸው።

«ምንድን ነው ይኼ? በስተርጅና የሕፃን ጋሪ ገዛህ?»

«የማጨጃው ነው።»

«ሣሩ ነው የበሳው?»

ኢዶሳ አልሳቀም። በከር የሰውን ፊት ማንበብ ያውቃል፤ ጎማውን ከቸርኬው አላቀቀው፣ ከመነዳሪውን መዞ ትንሽ ነፋስ ሞላውና ግማሽ በርሜል ውሃ ውስጥ አስገባው። አረፋ ከአንድ ቦታ ወጣ። ትንሽ አዞረው፤ ሌላ አረፋ። ከዚያ ሦስተኛ። ሁለተኛውን ከመነዳሪ አጠለቀ፤ ከእሱ ደግሞ ሁለት። በከር ቀዳዳዎቹን በጠመኔ ምልክት አደረገና የጎማውን ገላ አንሥቶ ብርሃን ላይ ያዘው። ብዙ ጊዜ አዞረው። ከወፍጮ ቤቱ የሚመጣው የዱቄት ብናኝ በመካከላቸው ይንሳፈፋል።

«ሚስማር ከታች ነው የሚገባ» አለ በመጨረሻ። «መሬት ላይ ሆኖ ነው ጎማን የሚጠብቅ። ይኼ ከጎን ነው። አምስቱም ከጎን። ሰው ቁጢጥ ብሎ፣ ተደላድሎ ነው የወጋው።» እጁን በጎማው ውስጥ አስገብቶ በጣቶቹ ጫፍ ሲዳብስ ቆየና አንድ ነገር ይዞ ወጣ። የገብስ ፍሬ የምታህል የብረት ጫፍ ናት። «ወስፌ» አለ። «እናቴ ስፌት ትሰፋ ነበር። የወስፌ ጫፍ እኔን አያሳስተኝም። ሦስተኛው ላይ ተሰበረችባት፣ ሌላውን ጎማ በጉማጁ ወጋች። የዚህኛው ቀዳዳ ሰፋ ያለው ለዚያ ነው።»

ኢዶሳ እጁን ዘረጋ። በከር ጫፏን መዳፉ ላይ ጣለለት።

«በግቢያችሁ ስፌት የምትሰፋ ሴት አለች?»

«በግቢው የለችም።»

በከር ዝቅ ብሎ ቀዳዳዎቹን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገ፣ ማስቲሽ ቀባ፣ እስኪደርቅ እፍ አለበት፣ ከአሮጌ ከመነዳሪ የቆረጣቸውን ክብ ክብ ልጣፎች አስቀምጦ በመዶሻ ጀርባ መታቸው። ኢዶሳ በሩ ላይ ቆሞ የብረቱን ጫፍ በአውራ ጣቱ ሥር ሲያሻሽ ቆየ። ያን ጊዜ ስለ ወረቀቱ ነገረው። በከር ሥራውን አላቋረጠም።

«ወረቀት ሰው ይበላል» አለ።

«ሚስማር ነው ብለህ ጻፍልኝ።»

«ያላየሁትን አልጽፍም። በዚህ ጉልበት በቀን አምስት ጊዜ የምሰግድ ሰው ነኝ።» ጎማዎቹን ነፋ፤ ሁለቱም ጠንክረው ቆሙ። ከዚያም ኢዶሳን ሳያይ በእግሩ አንድ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ወደ እሱ ገፋ። ከየመኪናው ጎማ የነቀላቸው ሚስማሮች የሞሉበት ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በዓሉ የመጣው ለእኔ ነው» አለ። «በየመንገዱ ቅስት ይሠራሉ፣ ሚስማር ያዘንባሉ፣ መኪናው ሁሉ ወደዚህ ይነዳል። እኔ አሁን ወጥቼ ወፍጮ ቤት ውሃ እጠጣለሁ። ስመለስ ጎማው ላይ የማየውን እጽፋለሁ።»

ወጣ። ኢዶሳ በቆርቆሮው ላይ አጎነበሰ። አብዛኛው ሚስማር የዛገና የተጣመመ ነው። የዛገ ቢሆን ስንት ቀን መሬት ላይ እንደኖረ፣ ለምን እንዳልለቀመው ይጠየቃል፤ አትክልተኛ ነውና ግቢውን መልቀም የእሱ ሥራ ነው። ስለዚህ ቀጥ ያሉና የሚያብረቀርቁ ሁለት መረጠ። አንዱን በአንዱ ጎማ ቆዳ፣ ሌላውን በሌላው ላይ፣ ውስጥ እንዳይደርሱ ተጠንቅቆ ሰካቸው። በከር ተመለሰና ጎንበስ ብሎ ተመለከታቸው።

«አሁን አየሁ» አለ። ከልጆች ደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ ጻፈ፤ «በሁለት የማጨጃ ጎማ ላይ ሁለት ሚስማር አይቻለሁ፣ በከር» ብሎ ፈረመ። ሚስማሮቹን ነቅሎ በወረቀቱ ጠቀለላቸው። የሠራበትንም ዋጋ አልተቀበለም። ይህ ኢዶሳን ከሁሉ ይበልጥ አስፈራው።

ስድስት ሰዓት ተኩል ነበር፤ ኢዶሳ ለምሳ ወደ ቤቱ ሄደ። ቤቱ ከልደታ ቤተ ክርስቲያን በስተጀርባ፣ አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ነው፤ ከጎኗ በቆርቆሮ የተከለለች ጥግ አለች፣ ላሚቱ እዚያ ታድራለች። ቤቱ የሚኖረው በላሚቱ ነው። የአትክልተኛ ደመወዝ የቤት ኪራዩንና ጤፉን ይከፍላል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ፣ ዘይቱም፣ ሳሙናውም፣ መድኃኒቱም፣ በጠርሙስ ስድሳ ሳንቲም የሚሸጥ ወተት ነው። ሁለት ዓመት ለማጨጃው ቤንዚን አልተፈቀደም ነበርና ኢዶሳ ሣሩን በማጭድ ያጭድ ነበር። ሚስቱ ጠጅቱ ማታ ማታ በጓሮው በር መጥታ ነዶውን በጀርባዋ ትወስዳለች፤ ሚደቅሳ አይቶ እንዳላየ ይሆናል። ነሐሴ ላይ ለበዓሉ ተብሎ ቤንዚን ተፈቀደ። ማጨጃው ሣሩን አድቅቆ፣ ከቤንዚን ሽታ ጋር አላቁጦ ይተፋዋል። ላሚቱ አንድ ጊዜ አሸተተችውና ፊቷን አዞረች። በዚያ ዓመት ዝናብ ጠፍቶ አንድ ሸክም ድርቆሽ ስድስት ብር ገብቷል። ከዐሥር ቀን በፊት ኢዶሳ «ከእንግዲህ ሣር የለም» ብሏት ነበር። «እሺ» ብላ ነበር የመለሰችው። ሌላ አልተናገረችም። እሱም አልጠየቀም፤ ሠላሳ ዓመት አብረው ሲኖሩ «እሺ» ካለች ነገሩ አልቋል ማለት እንደሆነ ነበር የሚያውቀው።

ጎማዎቹን ከደጅ አስደግፎ ገባ። ጠጅቱ ሽሮውን ከምድጃው አወረደች። ቤቱ ውስጥ አንድ አልጋ፣ አንድ ሣጥን፣ ሁለት በርጩማ አለ። ግድግዳው በጋዜጣ ተለብጧል። በጋዜጣው ላይ፣ ከቀበሌው የሸመታ ደብተር ጎን፣ ወስፌዋ እንደ ወትሮው ጭቃው ውስጥ ተሰክታለች። እጀታዋ የቀንድ ነው፤ ከእናቷ የወረሰችው። የተጀመረ ሰፌድ ከሥሯ ተቀምጧል፤ ከትናንት ወዲያ ካየበት አንድ ዙር እንኳ አልጨመረም።

«ማጨጃው ተበላሸ አሉ» አለች ጠጅቱ እያቀረበች።

«ማን አለ?»

«ሰው።» እንጀራውን ዘረጋች። «እንግዲያ በማጭድ ነዋ።»

በድምፅዋ ውስጥ ደስታ የሚመስል ነገር ነበረ። ኢዶሳ የያዘውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠ። ያን ጊዜ ነው የገባው። ይህች ሴት አሻጥር የሚባለውን ቃል በራዲዮ ሰምታዋለች፣ እንደ ሩቅ አገር ስም። ጎማ ተነፈሰ ማለት ማጭድ ከተሰቀለበት ይወርዳል ማለት ነው፤ እሷ ያሰበችው እስከዚህ ድረስ ብቻ ነው። ሊናገር አፉን ከፈተ። ቢነግራት ትጮኻለች፤ ግድግዳው ደግሞ ጋዜጣና ጭቃ ነው፤ ከወዲያ ማዶ የቀበሌው ጥበቃ ከነሚስቱ ይኖራል። አፉን ዘጋ።

«ተሠርቷል» አለ።

ጠጅቱ ወደ ደጅ ተመለከተች። ጎማዎቹ ነፋሳቸውን ሞልተው ተደግፈዋል። ብዙ አየቻቸው። ከዚያ መሶቡን ወደ እሱ አስጠግታ ወጥ ጨመረችለት። ሲበሉ የሚሰማው ላሚቱ ባዶ ግርግም ስትልስ ብቻ ነበር። እጇን ልትታጠብ ስትወጣ ኢዶሳ ተነሥቶ ወስፌዋን ከግድግዳው ነቀለ። ጫፏ የለም። ኪሱ ከተታትና ወጣ፤ ድልድዩ ላይ ሲደርስ እጀታዋንም የተሰበረውንም ጫፍ ወንዙ ውስጥ ጣላቸው። የቀንዱ እጀታ ትንሽ ተንሳፈፈና የክረምቱ ደፍራሽ ወሰደው።

ለስምንት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ግቢ ደረሰ። ተክለጻድቅ ወረቀቱን አነበበ፤ ለሁለተኛ ጊዜ አነበበ። ከዚያም ሚስማሮቹን ጠረጴዛው ላይ አንከባለላቸው። ኢዶሳ ፊቱን ያይ ነበር። ፊቱ ሊፈታ ጀመረ፤ ወዲያው እንደገና ተቋጠረ።

«ይኼ ሚስማር ዝናብ አልነካውም» አለ። «ይኼ አዲስ ነው። በዚህ ከተማ አዲስ ሚስማር ከየት ይገኛል? ገበያ የለም። ቀበሌ የለም። እኛ ለቅስቱ ሁለት ኪሎ ተፈቀደልን። እኔ ፈርሜ ተረከብኩ፤ ለአንድ ሰው ሰጠሁ።» በመስኮቱ ብቅ ብሎ ተጣራ። «ነጋ!»

አናጢው አፉን ባዶ እያደረገ ገባ። ነገሩን ሲሰማ መጀመሪያ ሳቅ አለ።

«ጓድ፣ ሚስማርማ ይወድቃል። ሚስማር የማይወድቅበት አናጢ አልተወለደም።»

«ከቅስቱ እስከ መሣሪያ ቤቱ ስድሳ ሜትር ነው። ሚስማርህ እግር አውጥቶ ሄደ?»

«እኔ ወደዚያ አልሄድኩም።» ነጋ ወደ ኢዶሳ ዞረ። «ጋሽ ኢዶሳ፣ ጠዋት ኪያቤ ይዤልዎት ስመጣ ጎማው ተንፍሶ አልነበር ያገኘሁት? ይናገሩልኝ እንጂ።»

«ጠዋት እዚያ ነበርክ ማለት ነው» አለ ተክለጻድቅ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ወረቀት ላይም ጻፈው።

ነጋ የተናገረውን መልሶ ሊውጠው የፈለገ ይመስል አፉን ያዘ። ኢዶሳ ኮፍያውን ተመለከተ። መናገር ነበረበት፤ ሁለት ቃል ይበቃ ነበር። ሁለቱ ቃላት ግን ወደ ሦስተኛ ይወስዳሉ፤ ሦስተኛው ወደ ቀዳዳዎቹ፤ ቀዳዳዎቹ ወደ በከር፤ በከር ደግሞ ያየውን የሚናገር ሰው ነው። ተክለጻድቅ ስልኩን አነሣ።

በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሁለት ሰዎች በአንዲት ላንድሮቨር መጡ። አይቸኩሉም። የነጋን መዶሻ ተቀበሉት፣ ራሱን በዘበኛው ማረፊያ ደጃፍ ባለ አግዳሚ ላይ አስቀመጡት፣ ሲጋራ አቀጣጠሉ። ነጋ ጆሮው ላይ ያለው እርሳስ አልተወሰደበትም ነበር፤ አውጥቶ በጣቶቹ መካከል ያንከባልለው ጀመር። ኢዶሳ በመሣሪያ ቤቱ ደጃፍ ተንበርክኮ ጎማዎቹን ገጠመ። ኪያቤው ጠዋት ነጋ ትቶለት የሄደው ነው። አንዱን ብሎን አጠበቀ። ሁለተኛውን ሲጀምር ነጋ ከአግዳሚው ላይ ሆኖ ድምፁን ሳያነሣ ለሚደቅሳ «ለቤቴ ሰው ትልክልኝ? ትንሿ ልጅ ታማለች» ሲለው ሰማ። ሚደቅሳ ሊመልስለት አይፈቀድለትም።

ኢዶሳ ኪያቤውን አስቀምጦ ተነሣ። ጉልበቱ ላይ የቀረውን አፈር አራገፈ። ደረጃው ላይ ቆሞ ወደሚያየው ወደ ተክለጻድቅ ሄደ።

«ሚስማሩ የእኔ ነው» አለ።

«ምን ማለት ነው?»

«ከነጋ ሣጥን ሳያየኝ ወሰድኩ። የመሣሪያ ቤቱ በር ወልቋል፣ ልመታበት ነበር። ትናንት ማታ ከኪሴ ወደቀብኝ። ማጨጃውን ሳስገባ አልፌበት ይሆናል።»

ተክለጻድቅ ወደ መሣሪያ ቤቱ በር ተመለከተ። በሩ እውነትም ከወለቀ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ በሲባጎ ነው የሚታሰር።

«ጠዋት ለምን አልተናገርክም?»

«ፈራሁ።»

«አሁንስ?»

ኢዶሳ ወደ አግዳሚው፣ ወደ ነጋ ተመለከተ። ተክለጻድቅ መታወቂያውን ከኪሱ አውጥቶ በጥፍሩ መታ መታ አደረገው። «የመንግሥት ሚስማር ሰረቅህ። የመንግሥት ማጨጃ አበላሸህ። ጭቁን ወዛደር አስወነጀልህ። ነው ወይስ ሌላ የምትደብቀው አለ? እሱን እዚያ ይጠይቁሃል፤ እኔ አልጠይቅህም።» ወደ ሣሩ ተመለከተ፤ ሣሩ እስከ ቁርጭምጭሚት ደርሷል። ወደ ሰማይም ተመለከተ። ከእንጦጦ በኩል ደመናው እየጠቆረ ነው። «ይኼን ሞተር ከአንተ ሌላ የሚያስነሣ አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያ ሣሩን ጨርስ። ስትጨርስ ከእነዚህ ጓዶች ጋር ትሄዳለህ።»

ነጋን ለቀቁት። መዶሻውን ተቀብሎ ወደ ቅስቱ ሲሄድ በኢዶሳ አጠገብ አለፈ፤ ቆመም። «ያንን ሁሉ ጊዜ ቆመው አዩኝ» አለ። ስድብ ቢሆን ይቀል ነበር። መሰላሉ ላይ ወጣና መምታት ጀመረ፤ መዶሻው ከወትሮው ይልቅ ይፈጥናል።

ኢዶሳ ገመዱን ሁለት ጊዜ ለስለስ አድርጎ፣ ሦስተኛውን በኃይል ሳበ። ሞተሩ ተነሣ። ጎማዎቹ ነፋሳቸውን ይዘዋል፤ በከር ሥራውን ያውቃል። ምላጩ ሳይጋደል፣ ሣሩን እንደ ምንጣፍ እኩል እየቆረጠ ሄደ። ሜዳው ሰፊ ነው፤ ከዋናው ቤት ደረጃ እስከ ጥድ አጥሩ ሃያ ስድስት መስመር ይወጣዋል። ሠላሳ ዓመት ቆጥሯቸዋል። እያንዳንዱ መስመር ሲያልቅ ይዞራል፤ ሲዞር ላንድሮቨሩን ያያል፤ ሁለቱ ሰዎች በመኪናው ጥላ መሬት ላይ ተቀምጠው ዳማ ይጫወታሉ፤ በቆርኪ። አንድ ጊዜ አንደኛው አሸነፈና ሳቀ። ኢዶሳ አላዘገመም። ማዝገም ይችል ነበር፤ ሣሩ ግን በየጊዜው እያነሰ ነው፣ ደመናውም እየቀረበ ነው፣ እሱም ሥራን አጓትቶ አያውቅም። አሥራ አራተኛው መስመር ላይ ሚደቅሳ ከበሩ መጥፋቱን አየ። አሥራ ዘጠኝ ላይ ተመልሶ ቦታው ቆሟል፤ ያልባል፤ ወደ ኢዶሳ ግን አያይም። ሚደቅሳ ጠጅቱ ዘንድ ሄዶ እንደነበር ለኢዶሳ ወዲያው ገባው።

ሃያ አምስተኛውን መስመር ሲጨርስ ጠጅቱን አያት። በጓሮው በር ገብታለች። የእሱን ካፖርት በክንዷ ይዛለች፤ ሌሊት የሚያድርበት ቦታ እንዳለ ተነግሯታል ማለት ነው። ነጠላዋን አላጣፋችም፤ ፀጉሯ ላይ የላሚቱ ገለባ አለ። ወደ እሱ አልመጣችም። አዲስ የታጨደውን ሣር አቋርጣ ቀጥታ ወደ ደረጃው፣ ተክለጻድቅ ወደ ቆመበት ትሄዳለች። አካሄዷን ያውቀዋል። ለቅሶ ቤት ስትገባ፣ ከመግባቷ በፊት ልትናገር ያሰበችውን ይዛ የምትሄደው አካሄድ ነው።

የመጨረሻው መስመር ግማሽ ላይ ነበር። ማጨጃውን ከመስመሩ አወጣውና ወደ ደረጃው አዞረው። የታጨደውን ሣር እንደገና እያጨደ፣ ጋዙን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ገፋው። ሞተሩ ጮኸ። ጠጅቱ ደረጃው ሥር ደርሳ አፏን ከፍታ መናገር ጀምራለች፤ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋለች፤ ከንፈሯ «እኔ» የሚል ይመስላል። ተክለጻድቅ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ አጎነበሰላት። ኢዶሳ በመካከላቸው አለፈ። ዞረና እንደገና አለፈ። ጢሱ ሁለቱንም ሸፈናቸው።

«አጥፋው!» አለ ተክለጻድቅ። ይህን ከአፉ አየው እንጂ አልሰማውም።

አላጠፋውም። ለሦስተኛ ጊዜ ዞረ፤ አሁን ወደ እሷ ፊት ለፊት፤ ከእግሯ አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ። ሞተሩ በመካከላቸው ይጮኻል፣ መያዣው እጁን ያንቀጠቅጠዋል። ራሱን አልነቀነቀም። ዓይኑን ብቻ ከዓይኗ አላነሣም። ጠጅቱ ገና ትናገራለች፤ ከዚያ ቃሏ አነሰ፤ ከዚያ ፊቱን እያየች ከንፈሯ ተንቀሳቅሶ ቆመ። ምሳ ላይ ቤት ውስጥ ያልተባባሉትን ሁሉ ያን ጊዜ ተባባሉ። የነጠላዋን ጫፍ አንሥታ አፏን ያዘች።

ኢዶሳ ሞተሩን አጠፋ። ጸጥታው ጆሮ ያማል። የነጋ መዶሻም ቆሟል፤ መሰላሉ ላይ ሆኖ ያያል።

«እናቴ፣ ምን ነበር ያልሽኝ?» አለ ተክለጻድቅ። በእጁ ጢሱን እያባረረ ነበር፤ ዓይኑ ግን ከእሷ አልተነቀለም። «የሰማሁት ነገር ነበር። ድገሚልኝ።»

ጠጅቱ ወደ ኢዶሳ አላየችም። የመጀመሪያው ነጠብጣብ በደረጃው ድንጋይ ላይ ወደቀ።

«ስለ ላሚቱ ነው ጌታዬ» አለች። «የምትበላው የላትም፤ ማን ያጭድላታል ብዬ ነው።»

«ጌታ የለም፣ ጓድ በይ» አለ አንደኛው ሰውዬ የዳማውን ቆርኪ ወደ ኪሱ እየለቀመ።

«ጓድ» አለች ጠጅቱ።

ተክለጻድቅ ጥቂት ቆሞ ተመለከታት። ከዚያ ዝናቡን አየ፣ ያልታጨደውን ግማሽ መስመር አየ። «እሱን ሳትጨርስ አትሄድም» አለ ለኢዶሳ። ኢዶሳ ገመዱን ሳበ፣ መስመሩን እስከ አጥሩ ጨረሰ፣ ማጨጃውን አድርቆ መሣሪያ ቤት አስገባና በሩን በሲባጎ አሰረ። ሲወጣ ጠጅቱ ካፖርቱን ዘርግታ ይዛ ቆማለች። ጀርባውን ሰጣት፤ እጁን በእጅጌዎቹ አስገባ፤ እሷም ወደ ፊቱ ዞራ ቁልፎቹን እንደ ልጅ እስከ አንገቱ ቆለፈችለት። ሁለቱ ሰዎች ጠበቋቸው። ከዚያ የላንድሮቨሩን የኋላ በር ከፈቱ።